ተረኛዋ እናት

ዘንድሮ የገዳሪፍ ውሃ እንደገና ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል። ባለጋሪው በራችን ላይ ቆሞ የበርሜሉን ቧንቧ ሲከፍት ያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ባልዲዬን እንደያዝኩ ደረቅሁ። "ያ ሐቦባ፣ ምን ሆንሽ? ቅጂ እንጂ፣ ሰው ይጠብቀኛል!" ይለኛል። ሐቦባ አያቴ ማለት ነው፤ የዚህ አገር ሰው አሮጊትን እንዲህ ነው የሚጠራ። እሱ ይጮኻል፣ አህያው ጆሮውን ያራግባል፣ እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። ከሾዋክ ወጣ ብሎ ከነበረው የስደተኛ ካምፕ፣ ከድንኳኖቹ መካከል፣ ገና ጸጉሬ ጥቁር ሆኖ ቆሜ ነበር። ያን ጊዜም ውሃው እንዲህ ይሸት ነበር። "የሐኪም ውሃ" እንለው ነበር። ውሃ እንዲህ የሚሸተው ሰው ሲረግፍ ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት፤ ስለዚህ ባለጋሪው ምንም ሳይነግረኝ ዘንድሮ ምን እንደመጣብን ገባኝ።

ጎረቤቶቼ "ተቀመጪ" ይሉኛል። ለልጄ ለትርንጎ ልቅሶ ተቀመጪ ማለታቸው ነው። ትርንጎ ካርቱም፣ ደይም ሰፈር ነበር የምትኖረው። ጦርነቱ ከተነሳ በኋላ ጥቂት ጊዜ ትደውልልኝ ነበር። በመጨረሻው ቀን "እማ፣ ውሃም የለ፣ መብራትም የለ፤ ነገ መኪና ከተገኘ እንወጣለን" አለችኝ። ከኋላዋ ውሻ ሲያላዝን ይሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምጿን አልሰማሁም። ክረምት ሄደ፣ በጋ ሄደ፣ ሌላ ክረምት መጣ። ከካርቱምም ከመደኒም አውቶቡስ መጣ በተባለ ቁጥር መናኸሪያ ወርጄ እየተጋፋሁ እጠይቃለሁ። "አጠር ያለች ሐበሻ፣ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያላት፣ ቀይ ቶብ የምትለብስ።" አንዱ አይቻት ይሆናል ይለኛል። አንዱ ደይም ውስጥ ሰው አልቀረም ይለኛል። አንዱ ደግሞ ዕቃውን ተሸክሞ ያልፈኛል፤ እሱም የሚጠይቀው ሰው አለው።

ከሁሉ የምትነዘንዘኝ ዘይነባ ናት። ዘይነባ የወሎ ሰው ናት፤ ከካምፕ ጀምሮ አንድ ግቢ ውስጥ እየተጣላን ነው ያረጀነው። ባለፈው ከአልጋዬ አጠገብ መጥታ ቁጢጥ አለችና፣

"አንቺ እናንዬ፣ እርምሽን አውጪ" አለችኝ። "ሞታ እንደሆነ ሳይለቀስላት መቅረቷ ነው። በሕይወት ካለች ደግሞ ስትመጣ እንስቃለን። ለሷ አልቅሰሽ ከተፍ ስትልብሽ የመጀመሪያሽም አይደል!"

"ለዚያ እኮ ነው የማልቀመጠው" አልኳት። "ለትርንጎ አልቅሻለሁ። ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይለቀስም። አንድ ጊዜ እንኳ ያልደረሳቸው ስንትና ስንት አፈር ውስጥ አሉ።"

"ይቺ ሴት ልቅሶንም እንደ ስኳር በራሽን ልታድለን ነው" አለችና ተነስታ ሄደች።

ነገሩን ለማያውቅ እብደት ይመስላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልናገረው።

እኔ የጭልጋ ሰው ነኝ። ከአገሬ ለምን እንደወጣሁ አላወራም፤ ያን ጊዜ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል፣ ያልነበረም ምን ያደርግለታል። መተማን አልፈን፣ ያን ቆላ በእግራችን አቋርጠን፣ በመጨረሻ የሰሊጥ ሎሪ ላይ እንደ ጆንያ ተደርድረን ካምፕ ገባን። ሾዋክ ያን ጊዜ ለእኛ ትልቅ ከተማ ነበረች። ጠራዳ የምንላት ትንሽ ገንዘብ ነበረች፤ በሷ ዘይት የፈሰሰበት፣ ሽንኩርት የተነሰነሰበት አንድ ሳህን ፉል ትበያለሽ፣ ዳቦውም አብሮ ነው። ከአውቶቡስ መቆሚያው ማዶ አንድ ካሴት ሻጭ ነበረ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ያችኑ የሱዳን ዘፈን ያስጮሃል፣ ቋንቋውን ሳናውቅ ዜማውን ሁላችንም ይዘነው ነበር። የሱዳን ሴቶች ያን ከራስ እስከ እግር የሚጠመጠም ቶባቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ ሲያደርጉት ሽቷቸው መንገዱን ይሞላዋል። እኛ ደግሞ አለባበሳችን! ዕርዳታ ተብሎ በትልልቅ እስር፣ ባሌ በምንለው፣ የሚመጣው ልብስ የበረዶ አገር ልብስ ነበር። በዚያ ሐሩር ሽማግሌዎቹ ጸጉራም የሴት ካፖርት ደርበው፣ ከእግራቸው ኮንጎ ጫማ አድርገው ስብሰባ ሲቀመጡ ብታዪ ከረሃብሽ ጋር ትስቂ ነበር። ሳቁ ግን አይቆይም። ሕመሙ ገባ። ጠዋት ጠዋት ነጭ ኖራ በድንኳኖቹ መካከል ይበተናል፣ ቃሬዛ ይወጣል፣ ቃሬዛ ይመለሳል።

አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ ሞተ። ከማን ጋር እንደመጣ የሚያውቅ አልነበረም። ወንዶቹ ቀበሩት፣ እኛም እንደ አገራችን ደንብ ሸኝተን ተመለስን። ተመልሰን ግን ድንኳኖቹ መካከል ቆመን ቀረን። ሰው ከቀብር ሲመለስ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳል፣ "እግዜር ያጥናችሁ" ይላል፣ ይቀመጣል። እኛ ወዴት እንሂድ? ማንን እናጽናና? ያን ሁሉ ሰው አየዋለሁ፣ እጁን አጣምሮ፣ አንዱ ሌላውን እያየ፣ ወደ ድንኳኑ መግባትም አፍሮ። ያን ጊዜ እትዬ ስንዱ የሚባሉ የቋራ ሴትዮ፣ ቁመታቸው የረዘመ፣ ድምፃቸው እንደ ወንድ የጎረነነ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ። ጸጉራቸውን ፈቱት። "ለእኔ በሉኝ" አሉ። "እኔ እናቱ ነኝ።" ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ትንፋሹን ለቀቀ። አንድ በአንድ እየቀረብን "እግዜር ያጥናዎ" አልናቸው። ሦስት ቀን ተቀመጡ፣ አለቀሱ።

በአራተኛው ቀን ሴቶቹን ሰብስበው "እኔ ብቻዬን የዚህ ሁሉ ሰው እናት ልሆን አልችልም፤ በተራ ይሁን" አሉ። እንዲህ ሆነ። ከየድንኳኑ ረድፍ አንዲት ሴት ተረኛ ትሆናለች። ዘመድ የሌለው ሲሞት ተረኛዋ እናቱ ናት፤ ሹሩባዋን ትፈታለች፣ ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች፣ ሦስት ቀን ትቀመጣለች። ዱቤም የለ፣ ምትክም የለ። የካምፑ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሚስት ለመዝለል ስትሞክር እኔ ነኝ ጎትቼ ያስቀመጥኳት። "ሟቹ እስላም ነው፣ እኔ እንዴት እናቱ እሆናለሁ?" ብትል ዘይነባ "ትናንት እኔ ለገብረ ጊዮርጊስ ደረቴን ስመታ ውዬ አልሞትኩም፤ ዛሬ ለመሐመድ ብታለቅሺ ምላስሽ አይቆረጥም፣ ቢቆረጥም ለሰፈሩ ደግ ነው" አለቻት። ተቀመጠች።

ችግሩ ስለማያውቁት ሰው ማልቀስ አለመቻሉ ነው። "ወንድሜ፣ ወንድሜ" ብለሽ ቃልሽ ያልቃል። ስለዚህ እትዬ ስንዱ ተረኛዋ በሽተኞቹን በሕይወት ሳሉ እንድትጠይቅ አደረጉ። ስምህ ማን ነው? የማን ልጅ ነህ? ምን ትወዳለህ? ሰው በሚወደው ነገር ነው የሚለቀስለት ይሉ ነበር፤ በአባቱ ስም ሁሉም ይመሳሰላል። ታዲያ ምን ይሁን፣ በሽተኛው ሁሉ እኛን መፍራት ጀመረ። "ተረኛዋ መጣች" ከተባለ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ስቦ ይሸፈናል። አንድ አዛውንት ሦስተኛውን ጥያቄ ስጠይቃቸው "የምወደው መኖር ነው! ውጪልኝ!" ብለው በከዘራ አባረሩኝ። ኖሩም። ከስንት ዓመት በኋላ ገዳሪፍ ገበያ ላይ ባዩኝ ቁጥር መንገድ ይቀይሩ ነበር።

ትርንጎን ያገኘኋት በእኔ ተራ ነው። ጡቷ ገና ያጎጠጎጠ ልጅ ነበረች፣ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያላት፣ ብቻዋን። ስትጠየቅ አልፈራችኝም። "ትርንጎ ነኝ፣ የአለማየሁ ልጅ። የምወደው ቀይ ነገር ነው" አለች። "ቀይ ምን?" ብላት "ቀይ የሆነ ሁሉ" አለችኝ። ከባሌው ውስጥ ቀይ የሱፍ ኮት ደርሷት ነበር፣ እስከ እግሯ የሚደርስ፣ ቁልፉ እንደ ጠርሙስ ክዳን የሚያህል። በዚያ ሙቀት አታወልቀውም። ሕመሙ ሲጠናባት ከሌሎች ጋር በሎሪ ወደ ሾዋክ ሐኪም ቤት ተጫነች። በማግስቱ ሎሪው ሬሳ ይዞ ተመለሰ። ከሬሳዎቹ አንዱ በቀይ ኮት ተጠቅልሏል። ሕመሙ ያስፈራ ስለነበር የገለጠ የለም። ቀበርናት። ተረኛዋ እኔ ነኝና ጸጉሬን ፈትቼ ተቀመጥኩ። ደግሞ እንዴት እንዳለቀስኩ! ቀይ ወዳዷ፣ ባለ ቀይ ኮቷ፣ እያልኩ ካምፑን አስለቀስኩት።

በሦስተኛው ቀን ጸጉሯን የተላጨች፣ የወንድ ሸሚዝ የለበሰች ልጅ ከሎሪ ወርዳ መጣችና ከሐዘንተኞቹ ኋላ ተቀመጠች። ንፍሮ ሰጧት፣ ትበላለች። አጠገቧ ያለችውን "ማን ነው የሞተው?" ትላታለች። "ትርንጎ የምትባል ልጅ።" "ምስኪን" አለች ንፍሮዋን እያላመጠች፣ "እኔም ስሜ ትርንጎ ነው።" ከዚያ የእኔን ቃል ሰማች። ቀይ ኮት ስል ብድግ አለች። "ኮቱ እኮ የኔ ነው!" ካምፑ ተተራመሰ። የሸሸ አለ፣ ያማተበ አለ፣ ዘይነባ ከሳቋ የተነሳ መሬት ላይ ተንከባለለች። እኔ ዘልዬ ልጅቱን አንገቷን አቅፌ ያዝኳት፣ አልለቅም አልኩ።

እትዬ ስንዱ ብቻ አልሳቁም። "ዝም በሉ!" አሉ። "ታዲያ የቀበርናት ማን ናት?"

ትርንጎ ያን ጊዜ ነገረችን። ሎሪው ላይ አጠገቧ የተኛች ሴትዮ ብርድ ሲያንቀጠቅጣት ኮቷን አልብሳታለች። ስሟን አታውቅም። ከየት እንደመጣችም አታውቅም። ሴትዮዋ መንገዱን ሁሉ ስትቃዥ "ማሪቱ፣ ማሪቱ" ትል ነበር። አንዷ "ማሪቱ ልጇ ናት ማለት ነው" አለች። ትርንጎ ግን ራሷን ነቀነቀች። "ልጅ አይደለችም። 'ማሪቱ፣ ውጪ ከማሽላው! ውጪ!' ነበር የምትለው።" ላሟ ነበረች። ስለዚያች ሴት በዚህ ዓለም ላይ የተረፈን ነገር ማሽላ የምትበላ ላም ብቻ ነበር።

"በይ እንደገና ተቀመጪ" አሉኝ እትዬ ስንዱ።

"እትዬ፣ ሦስት ቀን ተቀምጬ! ጉሮሮዬ ተዘጋ። ከዚህ በኋላ የሚቀጥለው ረድፍ ተራ ነው" አልኩ። እኔም በተራ ጉዳይ ድርቅ የምል ነኝ።

"ተራሽ አላለቀም" አሉ። "ያለቀስሽው ለትርንጎ ነው። የትርንጎ ለትርንጎ ይቀመጥላት፣ ልቅሶዋን ቀድማ ወሰደች። ለዚያችኛዋ ግን ገና አልጀመርሽም። የሌላ ሰው ልቅሶ ለብሳ አፈር ውስጥ ትተኛ እንዴ?"

ልክ ነበሩ። እንደገና ተቀመጥኩ። ትርንጎ አጠገቤ ቁጭ ብላ አብራኝ አለቀሰች። "የማሪቱ እመቤት፣ ማሽላሽን ማን ይጠብቀው" እያልን፣ ስለ አንዲት ላም ሦስት ቀን ካምፑ አነባ። ሲያበቃ ትርንጎን ወደ ድንኳኔ ወሰድኳት። "አልቅሼልሻለሁና የኔ ነሽ" አልኳት። ማንም አልተከራከረኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ዘመን እንደ ጥሩ ዝናብ ነበር፣ መጥቶ ሲሄድ ነው የምታውቂው። ገዳሪፍ ገባን። ትርንጎ ከሰሊጥ ገበያው በር፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሻይ ትሸጥ ነበር። ደላሎቹ ሰሊጡን ከጆንያው በእጃቸው እየዘገኑ ወደ አፋቸው እየወረወሩ ሻይዋን ይጠጣሉ። ቀይ ቶብ፣ ቀይ ጫማ፣ ቀይ ቴርሞስ። "ሲት አል-አሕመር" ይሏታል፣ የቀዩ እመቤት። የዝናብ ጊዜ የገዳሪፍ ጥቁር ጭቃ ጫማሽን ከእግርሽ ይቀማሻል፤ እሷ ያን ቀይ ጫማ በእጇ ይዛ በባዶ እግሯ እየሳቀች ትመጣለች። በኋላ አግብታ ካርቱም ሄደች። እትዬ ስንዱ ሲሞቱ ሴቶቹ ተራው የኔ ነው፣ የኔ ነው ተባብለን ልንደባደብ ደረስን፤ በመጨረሻ ሁላችንም ጸጉራችንን ፈታን። ከዚያ ሰው ኑሮ ያዘ፣ ዘመድ አፈራ፣ እድር አቋቋመ። ተራ የሚባለው ነገር ተረሳ።

እስከ ዘንድሮ ድረስ።

ግቢዬ ዛሬ የሰው መጋዘን ሆኗል። ትምህርት ቤቶቹ ሞልተው ሰው በየአጥሩ ሥር ተኝቷል። ከካርቱም የሸሹት ሱዳኖች በአንድ በኩል፣ ከእኛ አገር ድንበር ተሻግረው የመጡት ልጆች በሌላ በኩል። ወረቀት የሌለው ሐበሻ መንገድ ላይ ከተገኘ አፈሳ አለ፤ እዚህ "ካሻ" ይሉታል፣ ጭነው ይወስዱሻል። ዕርዳታ የሚሉት ነገር መጣ ይባላል፣ ሲደርስ የለም። እኔ ያለችኝን ማሽላ አስፈጭቼ ገንፎ አገነፋለሁ፤ ጭልፋው ለሁሉም አንድ ነው። ስደተኛ፣ ተፈናቃይ፣ ባለ ወረቀት፣ ወረቀት የለሽ የሚል ነገር በእኔ ድስት ፊት አይሠራም። በዳሱ ሥር ሐጃ ከልቱም ከልጅ ልጆቿ ጋር ናት። ኦምዱርማን ውስጥ ባለ ፎቅ ነበረች። የመጣች ሰሞን ጭልፋዬን አይታ "እኔ ቤት ለሠራተኞቹ እንዲህ ነበር የምንሰፍርላቸው" ብላ አለቀሰች። "በይ ዛሬ ደግሞ ሠራተኛዋ ሰፈረችልሽ፣ ብይ" አልኳት። በላች። ከዚያ ወዲህ ወዳጆች ነን።

ውሃው ሲሸተኝ ጊዜ ጥያቄዎቹን መልሼ ጀመርኩ። ግን ካምፑ ውስጥ ካየሁት ተምሬአለሁ፤ በሽተኛን ብቻ ከጠየቅሽ በጥያቄሽ ትገድዪዋለሽ። ስለዚህ በበሬ የሚገባውን ሁሉ እጠይቃለሁ፣ ጤነኛውን፣ ሕፃኑን፣ ሱዳኑን፣ ሐበሻውን። ስምሽ? የማን ልጅ ነሽ? ምን ትወጃለሽ? ሐጃ ከልቱም ጥቂት አስባ "ከአሱር ሶላት በኋላ ደጄ ላይ ውሃ ሲረጭ፣ የአፈሩ ሽታ" አለችኝ።

ብርቱካን የመጣችው ባሱንዳ በሚባል የእርሻ ቦታ ማሽላ ሲያርሙ ከነበሩ ልጆች ጋር ነው። የፊት ጥርሷ አንዱ ስለወለቀ ስትስቅ አፏን በእጇ ትከድናለች። "ብርቱካን ነኝ፣ የዘለቀ ልጅ። የምወደው..." ብላ ሳቀች፣ "ጥሬ ሩዝ መቆርጠም።" "ሌላስ?" "ጸጉር መሥራት።" እውነቷን ነበር። ቁጭ ካለች የሰው ራስ ትፈልጋለች። የግቢውን ሴት ሁሉ ሠራች፣ የሐጃ ከልቱምን የልጅ ልጆች ሠራች። እኔንም አልለቀቀችኝም። ነጭ ራሴን በጉልበቷ መካከል ይዛ ጋሜ እንዳላት ልጅ አድርጋ ስትጎነጉነኝ "እማማ፣ ራስዎ እኮ የሙሽራ ራስ ነው" ትለኛለች። "አንቺ ቀበጥ፣ ቀስ በይ፣ ቆዳውም አብሮ ይጎነጎናል" እላታለሁ። ጣቷ ቀላል ነበር።

ሕመሙ ያዛት። ጠዋት ቆማ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ። ጨውና ስኳር በጥብጬ በማንኪያ አጠጣኋት፣ አልቆይ አለ። በጋሪ ጭነን ወደ ሕክምናው ድንኳን ስንወስዳት ካሻ ፈርታ "እማማ፣ ወረቀት የለኝም፣ ይይዙኛል" ትላለች። "ማንም ቢመጣ እናቷ ነኝ እለዋለሁ" አልኳት። እጄን ጨበጠችኝ። እዚያው ድንኳን ውስጥ ሞተች። በላስቲክ ጠቅልለው፣ ኖራ ነስንሰው ቀበሩልን፤ ቀርበን እንኳ አላየናትም።

ከመቃብር ተመልሰን ግቢው በር ላይ ስንደርስ ሁሉም ቆመ። እግሬ ራሱ አወቀው፣ ያ መቆም ነው። ሐጃ ከልቱም ሁለት መዳፏን ለፋቲሐ ጸሎት ዘርግታ ትዞራለች። "ለማን ልበል? ማንን ላጽናና?" ትላለች። ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። እኔ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁና መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። "ለእኔ በሉኝ" አልኩ። "እናቷ ነኝ።" መጡ። ሱዳኖቹ መዳፋቸውን እየዘረጉ፣ የእኛዎቹ "እግዜር ያጥናዎ" እያሉ።

ማልቀስ ጀመርኩ። መጀመሪያ ስለ ብርቱካን ነበር። ከዚያ ቃሉ ከየት እንደመጣ አላውቅም። በአፌ የገባው ቀይ ነገር ነው። ቀይ ወዳዷ፣ ባለ ቀይ ኮቷ፣ ባለ ቀይ ጫማዋ፣ ጫማሽን በእጅሽ ይዘሽ በየትኛው ጭቃ ቀረሽብኝ፣ የትኛው መንገድ ዋጠሽ፣ ያ ውሻ ምን አይቶ ነው የሚያላዝነው። ከዚያ ጦርነት ወዲህ ያልወጣ እንባ ሁሉ ወጣ። ግቢው በሙሉ አብሮኝ አነባ። ማንም ምንም አላለኝም። እርሟን አወጣች ብለው ደስ ብሏቸው ይሆናል። ሦስቱን ቀን እንዲሁ ሆንኩ።

በሦስተኛው ቀን ሰው መበተን ሲጀምር ዘይነባ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ሐዘን ላይ እንኳ ምላሷን የማትተው ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"እናንዬ፣ ብርቱካን ቀይ ኮት መች ነበራት?" አለችኝ።

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩት።

"ሹሩባሽንም አልፈታሽ።"

እጄን ወደ ራሴ ሰደድኩ። ብርቱካን የጎነጎነችው እንዳለ ነው፣ ጥብቅ ብሎ። ተረኛ እናት ጸጉሯን ትፈታለች፣ ይህ ደንብ ሲወጣ እኔ እዚያ ነበርኩ። ጸጉሬን ሳልፈታ፣ የአንዲቷን ድሃ ልጅ ልቅሶ ወስጄ ለራሴ ልጅ ሰጥቼአለሁ። የሊቀ መንበሩን ሚስት በክርኗ ይዤ የጎተትኩ እኔ። እትዬ ስንዱ ከመቃብር ተነስተው ፊቴ የቆሙ መሰለኝ። ያቺ ልጅ የሌላ ሰው ልቅሶ ለብሳ ትተኛ እንዴ?

"ንፍሮ እንደገና ጣዱ" አልኩ። "ገና አልጀመርኩም።"

"ያ ሐቦባ፣ ትሞቻለሽ" አለችኝ ሐጃ ከልቱም።

"ከሞትኩ ተረኛ ፈልጉልኝ።"

ዘይነባ ከኋላዬ ተቀመጠችና ሹሩባዬን ልትፈታልኝ እጇን ሰደደች። ከለከልኳት፤ ራሴ ፈታሁት። አንድ አንዱን። ያቺ ልጅ እንዴት ታጠብቀው እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት፣ ጫፉ ላይ በክር አስራዋለች፣ እንዳይፈታ። ክሩን በጥርሴ እየበጠስኩ ስፈታው ከጸጉሬ ውስጥ ጣቶቿ ሲወጡ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ አለቀስኩ። ስለ ጥሬ ሩዝ። ስለ ወለቀው ጥርስ። እማማ ራስዎ የሙሽራ ራስ ነው ስለሚለው ድምፅ። የዘለቀ ልጅ፣ ጣተ ቀላሏ፣ ወረቀት የለኝም ብላ ስለ ፈራችው። አንድም ቀይ ነገር በአፌ አላለፈም። ሲመጣብኝ ጥርሴን ነክሼ መለስኩት።

ሲያበቃ፣ ሐጃ ከልቱም ምንጣፉን እየጠቀለለች "ቀጥሎ ተራው የማን ነው?" አለችኝ።

"ቀጥሎ እንዳይኖር ጸልዪ።"

"እጸልያለሁ። ከኖረ ግን የእኔ ነው። እኔም ግቢው ውስጥ አለሁ፣ ገንፎውን እበላለሁ፣ ተራ ይድረሰኝ" አለች። ባለ ፎቋ ሴት። እሺ አልኳት። ተራዋ ሩቅ አልነበረም። ከመደኒ ለመጣ አንድ አዛውንት ተቀመጠች፤ የማን ልጅ እንደነበር፣ ምን ይወድ እንደነበር እኔው በር ላይ ጠይቄው ስለነበር ነገርኳት፤ በአረብኛ አለቀሰችለት።

ውሃው አሁንም ይሸታል። አውቶቡስ መጣ ሲሉኝ አሁንም መናኸሪያ እወርዳለሁ፣ አጠር ያለች፣ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያላት እላለሁ። ትናንት ከዚያ ስመለስ ሐጃ ከልቱም ማበጠሪያና ቅባት ይዛ ጠበቀችኝ። ጸጉሬ ከብርቱካን ወዲህ እንደተፈታ ነው።

"ነይ ልሥራልሽ" አለችኝ። "ሐዘኑ አልቋል፤ ምን ቀረሽ?"

"ይቆይ።"

"እስከ መቼ?"

"ትርንጎ ትሠራዋለች" አልኩ።

ወደ ዘይነባ ዞርኩ፤ ለዚህ መልስ እንደማታጣ አውቃለሁና ጠበቅኋት። እሷ ግን ከባልዲው በኩባያ ውሃ ቀድታ፣ አሽትታ አቀበለችኝ።